ልጅ አዝሎ መማር፦ ብቻዋን የምታሳድግ ተማሪ ሐዋሳ ላይ ከየት ምን ታገኛለች?

ልጇን ብቻዋን እያሳደገች የምትማር አንዲት ሴት ሐዋሳ ውስጥ ወደ አንድ መንግሥታዊ ቢሮ ገብታ «ለእንደኔ ዓይነቷ ተማሪ የተመደበ ድጎማ አለ ወይ?» ብላ ብትጠይቅ የምታገኘው መልስ «የለም» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ሙሉ ነው ለማለት ግን ይከብዳል። በአገራችን ብቻውን ልጅ የሚያሳድግ ተማሪ በሕግ ተለይቶ የተጠቃሚ ክፍል አልሆነም፣ በዚህ ስም የሚቆረጥ ወርኃዊ ክፍያም የለም፤ የገቢ ግብር ሕጋችን እንኳ ልጅ ያለውንና የሌለውን ደመወዝተኛ ለይቶ አያይም። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በስልክ ከሚያወራው ነው። እንግሊዝ አገር የምትማር እናት የሕፃናት ማቆያ ወጪዋን እስከ 85 በመቶ፣ በተወሰነ ጣሪያ፣ የሚሸፍን የተማሪ ወላጆች ድጎማ መጠየቅ ትችላለች። ያንን የሰማች እህት እዚህም አንድ መስኮት፣ አንድ ቅጽ፣ አንድ ማኅተም ትፈልጋለች።

እዚህ ያለው ድጋፍ በሌላ ሌላ ስም የተጻፈ ነው። አንዱ በልጁ ስም፣ አንዱ በድሃ ቤተሰብ ስም፣ አንዱ በሴት ተማሪነት፣ አንዱ በሠራተኛነት፣ አንዱ ደግሞ በሟች ባል ስም ተቀምጧል። እናቲቱ በየትኛው በር በየትኛው ስሟ መቆም እንዳለባት ካላወቀች አምስት ቢሮ ዞራ ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ ካወቀች ግን ከየቦታው የሚገኘው ጥቂት ጥቂት ተጠራቅሞ ሴሚስተሩን ሊያሻግራት ይችላል። በሴት አንቀጽ የምጽፈው አብዛኞቹ ባለጉዳዮች ሴቶች ስለሆኑ ነው እንጂ፣ ቀለብን፣ ሴፍቲኔትን (መንግሥት ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠውን ድጋፍ) እና ጡረታን በተመለከተ የሚነገረው ልጁን ብቻውን ለሚያሳድግ አባትም ያው ነው።

ቀለብ

ከሁሉም የሚያስተማምነው ድጋፍ የሚመጣው ከሌላኛው ወላጅ ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን በር የሚያንኳኩት ሌላው ሁሉ ተሟጥጦ ካለቀ በኋላ ነው፤ አንዳንዶቹ በይሉኝታ፣ አንዳንዶቹ በእልህ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ «ሳንጋባ ምን ብዬ እከሰዋለሁ» በሚል ግምት። ግምቱ የተሳሳተ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ሕፃናት በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ስለዚህ ጥያቄው ወላጆቹ ተጋብተው ነበር ወይ የሚል ሳይሆን አባትየው አባት ነው ወይ የሚል ብቻ ነው።

የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስለሚያወጡ ሐዋሳ ላይ የሚጻፍ አቤቱታ የሚጠቅሰው በክልሉ ተፈጻሚ የሆነውን ሕግ ነው። አቤቱታ ጸሐፊው ከአዲስ አበባ የመጣ ናሙና ገልብጦ የፌዴራሉን አንቀጽ እንዳይጽፍ አጠገቡ ቆሞ ማስተዋል ይበጃል። በቀለብ ጉዳይ ግን የሕጎቹ መሠረተ ሐሳብ ተመሳሳይ ነው። ቀለብ ማለት ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያን፣ ልብስን፣ ጤናንና ትምህርትን ያጠቃልላል። መጠኑ የሚወሰነው የጠያቂው ችግርና የሰጪው አቅም ተመዝኖ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲለወጥ፣ ለምሳሌ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ወይም አባትየው የተሻለ ሥራ ሲያገኝ፣ መጠኑ እንዲከለስ በማንኛውም ጊዜ መጠየቅ ይቻላል።

ይህ የመከለስ መብት ለተማሪዎች ከምንም በላይ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አባትየው ራሱ ተማሪ የሆነበት ጉዳይ ብዙ ነው። «እሱ ምን አለው፣ ከእናቱ የኪስ ገንዘብ የሚጠብቅ ልጅ» ብላ የተወችው እናት ሁለት ነገር ታጣለች። አንደኛው፣ አባትየው አቅም ከሌለው ቀለብ የመስጠት ግዴታ በሕጉ ቅደም ተከተል መሠረት ወደ ሌሎች ዘመዶች፣ ከእነሱም መካከል ወደ ልጁ አያቶች ሊሻገር መቻሉ ነው፤ አያት ለልጅ ልጁ የሚሰጠው ቀለብ ምጽዋት ሳይሆን የሕግ ግዴታ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማስረጃ ነው። አብረው ይኖሩ እንደነበር የሚያውቁት የዶርም ጓደኞች፣ አከራዩና የሰፈሩ ባለሱቅ ዛሬ ሐዋሳ አሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ተማሪዎቹ ተመርቀው ይበተናሉ፣ አከራዩም ስማቸውን ይረሳል። ዛሬ በትንሽ ገንዘብ የተወሰነ ቀለብ ነገ አባትየው ሥራ ሲይዝ በአንድ ማመልከቻ ሊያድግ ይችላል፤ ያልተረጋገጠ አባትነት ግን ከዓመታት በኋላ ከዜሮ ይጀመራል።

ጊዜውም የራሱ ስለት አለው። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ተወስኖ የመክፈያው ጊዜ ከደረሰ በኋላ ሦስት ወር እስኪያልፍ ድረስ ሳይከፈልና ሳይጠየቅ የቀረ ቀለብ፣ ለጠያቂው መኖሪያ የግድ አስፈላጊ መሆኑ ካልታየ በቀር፣ ውዝፍ ሆኖ ሊጠየቅ አይችልም። ሕጉ ቀለብን የሚያየው እንደ ዕለት ጉርስ እንጂ እንደ ቁጠባ አይደለም። ስለዚህ አባትየው ሁለት ወር ዘልሎ «መስከረም ላይ አንድ ላይ እሰጥሻለሁ» ሲል ዝም ማለት አይገባም፤ ያለፈውን ወር በጽሑፍ መጠየቅ፣ ካልሆነም ወደ አፈጻጸም መዝገብ መሄድ ይሻላል።

አባትነቱ በጋብቻ ወይም በልደት ምዝገባ ካልተረጋገጠና አባትየው ከካደ፣ ከቀለቡ በፊት «አባትነት ይወሰንልኝ» የሚለው ክስ ይመጣል። ፍርድ ቤት አባትነትን የሚወስንባቸው ምክንያቶች በሕጉ ተዘርዝረዋል፤ ከእነሱ መካከል ሁለቱ ለተማሪዎች በተለይ ቅርብ ናቸው። አንዱ አባት ነው የተባለው ሰው አባትነቱን የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ሌላ ጽሑፍ መጻፉ ነው። ሌላው በልጁ አስተዳደግ፣ አያያዝ ወይም ቀለብ እንደ አባት ሆኖ መሳተፉ ነው። በአሁኑ ጊዜ የሁለቱም ማስረጃ ያለው ስልክ ውስጥ ነው። «ለወተት» ተብሎ በቴሌብር የተላከ ሦስት መቶ ብር ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም የላኪው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ ያለበት የጽሑፍ መልእክት ትቶ ያልፋል። በንዴት የተደመሰሰ የቴሌግራም ንግግር ግን አይመለስም። ስልኩ ከመጥፋቱ ወይም ከመሰበሩ በፊት መልእክቶቹን ማሳተም፣ ከዚያም ለታመነ ሰው ቅጂ መስጠት አቤቱታ ከመጻፍ ይቀድማል። የሕክምና ምርመራም በዚህ ክርክር ውስጥ በማስረጃነት ይቀርባል።

መጠኑን በማስወሰን ረገድ ያየሁትን አንድ ነገር ልናገር። አንዲት የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ለችሎት ይዛው የመጣችው ባለ ሠላሳ ሁለት ሉህ ደብተር ነበር። ሙያዋ ሆኖ ገጹን በእስክሪብቶ ለሦስት ከፍላዋለች፦ ቀን፣ ምን እንደተገዛ፣ ስንት እንደወጣ። ሰኞ ግማሽ ሊትር ወተት፤ ማክሰኞ ምንም፤ ረቡዕ ለጤና ጣቢያ ባጃጅ ደርሶ መልስ፣ የሳል ሽሮፕ፤ ሐሙስ ልጁን ለምትይዝላት የጎረቤት እናት የሳምንቱ፤ ቅዳሜ የአጥሚት እህል፣ ወፍጮ ጨምሮ። የአባትየው ጠበቃ ወጪው የተጋነነ ነው ብሎ ሲከራከር ደብተሩን አቀረበች፤ «ማክሰኞ ምንም» የሚሉት ባዶ ረድፎች ከሞሉት ረድፎች ይልቅ የሚታመን አድርገውት ነበር ብዬ አስባለሁ። ዳኛው ጥያቄ ሳያቀርቡ ረዘም ላለ ጊዜ አገላበጡት። «በወር ይህን ያህል ይበቃኛል» የሚል ክብ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚቀርብ ሰው ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

ለክሱ ገንዘብ የለኝም የሚለው ስጋት መፍትሔ አለው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ ለዚህም አቅም እንደሌላት የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤና የንብረት ዝርዝር ይፈለጋል። ጠበቃን በተመለከተ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነፃ ምክርና ውክልና የሚሰጥ ሲሆን ሐዋሳ ላይ ሠርቷል። ወደ እነዚህ ሰዎች ሲኬድ ባዶ እጅ አለመሄድ ጥሩ ነው፤ የልጁ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የታተሙት መልእክቶችና የምስክሮች ስም ዝርዝር ካለ አቤቱታው በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል።

ሽማግሌ ገብቶበት በስምምነት ካለቀም መልካም ነው፤ እንዲያውም ተማሪን ከቀጠሮ ምልልስ ያድናታል። ስምምነቱ ግን በወረቀት ሰፍሮ፣ በየወሩ ስንት፣ በስንተኛው ቀን፣ በየትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ ተጽፎበት በፍርድ ቤት ቢጸድቅ ሲጣስ ማስፈጸም ይቻላል። አንድ ጊዜ ጠቅለል ያለ ገንዘብ ሰጥቶ «ከእንግዲህ አልጠይቅም» ብላ እንድትፈርም የሚያግባባ ዘመድ አይጠፋም። ቀለቡ የልጁ መብት ነው፣ እናት የምትጠይቀው በሞግዚትነቷ ነው፤ መጠኑም ሁኔታ ሲለወጥ የሚከለስ ስለሆነ እንዲህ ያለው ፊርማ በሩን ለዘለዓለም ሊዘጋው አይችልም።

ተወስኖ ካልተከፈለስ? አባትየው ተቀጣሪ ከሆነ የአፈጻጸም ችሎቱ አሠሪው ከደመወዙ ቀንሶ እንዲልክ ማዘዝ ይችላል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ፣ አባትየው ብዙ ዕዳ የሚቆረጥበት ከሆነ ሌሎች ሳይቀድሙ ትእዛዙን ቶሎ ማድረስ ያስፈልጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከልን ያስቀጣል። በእኔ እምነት ግን የወንጀሉ መንገድ የመጨረሻው ቢሆን ይሻላል፤ የታሰረ ሰው ደመወዝ ስለማይከፈለው ወተቱም አብሮ ይቋረጣል።

ግቢ ውስጥ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ ከመንግሥት የምታገኘው ትልቁ ድጋፍ ብዙ ጊዜ ድጋፍ ተብሎ የማይቆጠረው የወጪ መጋራት ነው፣ በግቢ ቋንቋ ኮስት ሼሪንግ። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን የሚጋራ ሲሆን፣ ክፍያው ግን ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ በየወሩ ቢያንስ ከገቢው 10 በመቶ እየተቆረጠ ይፈጸማል። በሌላ አነጋገር ዛሬ ኪሷ ባዶ የሆነ እናት መማሯን ልትቀጥል የምትችለው በዚህ ውል ነው።

እዚህ ላይ ልጅ ያላት ተማሪ ከሌላው የሚለያት ነገር አለ። ዶርም ሕፃን ይዞ የሚኖሩበት ቦታ ስላልሆነ አብዛኞቹ ከግቢ ውጭ አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ከካፌ መመገብም በሰዓቱ ምክንያት አይመቻቸውም። ደንቡ የምግብና የመኝታ አገልግሎት በዓይነት ብቻ ሳይሆን በገንዘብም ሊሰጥ እንደሚችል ያስቀምጣል፤ ስለዚህ በዓመቱ መጀመሪያ ነን ካፌ የሚሆኑ፣ ማለትም ከግቢው ካፌ የማይመገቡ ተማሪዎች ሲመዘገቡ የተማሪዎች አገልግሎትን መጠየቅና ማመልከቻውን በጽሑፍ ማስገባት ተገቢ ነው። ገንዘቡ ባይገኝ እንኳ ሌላ ጥቅም አለው። በየዓመቱ የሚፈረመው የኮስት ሼሪንግ ቅጽ የምትጠቀምባቸውን አገልግሎቶች ይጠይቃል፤ ሁሉም ጓደኞቿ እንደሚያደርጉት ሳታነብ ከፈረመች ያልበላችው ምግብና ያልተኛችበት አልጋ በዕዳዋ ላይ ይጻፋል። ዕዳው የሚታወሰው ደግሞ ኦሪጅናል ዲግሪ ለማውጣት የተኬደ ዕለት ነው።

የእርግዝናና የወሊድ ጊዜ ሲመጣ ትልቁ ስሕተት በዝምታ መጥፋት ነው። አንዲት የማውቃት ልጅ ሆዷ ሲገፋ አፍራ ዕቃዋን ጠቅልላ አገሯ ገባች፤ ሬጅስትራር ምንም አያውቅም ነበር። የዚያ ሴሚስተር ውጤቷ በሙሉ «ኤፍ» ሆኖ ተመዘገበ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመለስም ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) የጠየቀችው እንደወለደች እናት ሳይሆን በውጤት እንደተባረረች ተማሪ ነበር። በጊዜው የዊዝድሮዋል፣ ማለትም ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ ሞልታ፣ የጤና ጣቢያ ማስረጃ አያይዛ፣ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ብትይዝ ኖሮ የያዘችው ውጤት ተጠብቆ ካቆመችበት ትቀጥል ነበር። ቅጹ አንድ ገጽ ነው፤ የሚፈርሙበት ሰዎች ግን አማካሪው፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊው፣ ቤተ መጻሕፍቱና ዶርሙ ስለሆኑ ቢያንስ ሁለት ቀን ይወስዳል፣ ምጥ ከመምጣቱ በፊት መጀመር አለበት። ፈተና ብቻ ያለፋት እናት ደግሞ የሕክምና ማስረጃዋን ይዛ ሜክአፕ (ማካካሻ ፈተና) መጠየቅ ትችላለች።

ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶችን ጉዳይ የሚከታተል ክፍል አላቸው፤ ተማሪው «ጀንደር ኦፊስ» ይለዋል። አቅም ለሌላቸው ሴት ተማሪዎች መጠነኛ የኪስ ገንዘብ፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ የፎቶ ኮፒ ወጪና የማጠናከሪያ ትምህርት የመሳሰሉት የሚሰጡት በብዛት በዚህ ክፍል በኩል ነው። በጀቱ ጠባብ ስለሆነ ምዝገባው በዓመቱ መጀመሪያ ይሞላል፤ ኅዳር ላይ የምትመጣ ተማሪ «ለሚቀጥለው ዓመት» ትባላለች። ከዚህ ውጭ ያለውን የግቢ ጉባኤ፣ የፌሎሺፕና የጀመዓ፣ ማለትም በየሃይማኖቱ ያሉ የተማሪ ኅብረቶች እርዳታ ማንም በደንብ አልጻፈውም፤ ሆኖም በተግባር የብዙ እናቶችን የመጀመሪያ ወር የቤት ኪራይ የከፈለው እሱ ነው።

የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ተማሪዎችን በተመለከተ አጭር ነው፦ ኮስት ሼሪንግ አይመለከታቸውም፣ ክፍያቸውን ራሳቸው ይከፍላሉ። ልጅ ያላት እናት የምዝገባ ቀን ከመድረሱ በፊት በየወሩ ከፋፍላ ለመክፈል በጽሑፍ ብትጠይቅ ከቅጣት ልትድን ትችላለች።

ቀበሌ

ቀበሌ ተማሪን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቤተሰብን ነው። ይህን አለመረዳት ብዙ ሰው ያንከራትታል። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ሐዋሳም አዳማም ውስጡ ነበሩ። ፕሮግራሙ ሁለት ክንፍ አለው፦ መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ድሃ ቤተሰብ በአካባቢ ልማት ሥራ፣ ማለትም በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሳሰለው ተሳትፎ ይከፈለዋል፤ መሥራት የማይችል ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ሠራተኞቹ ከሚከፈላቸው 20 በመቶውን እንዲቆጥቡ ይደረጋል፣ ቁጠባውም ከፕሮግራሙ ሲወጡ ለመቋቋሚያ ይሆናል። ተጠቃሚዎችን የሚለየው በየመንደሩ የተመረጠ ኮሚቴ ነው፤ የሚለየውም ቤተሰብ ተብሎ የተመዘገበውን ነው።

ስለዚህ ልጇን ይዛ እናቷ ቤት የተመለሰች ተማሪ ራሷን ችላ አትቆጠርም፤ የምትቆጠረው በእናቷ ቤተሰብ ሥር ነው። ይህ ጉዳት ብቻ አይደለም። ሥራው ከክፍለ ጊዜዋ ጋር ቢጋጭ ከቤተሰቡ ሌላ ለሥራ የደረሰ ሰው ሊሰማራ ይችላል፤ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ለጊዜው ከጉልበት ሥራው ነፃ የሚሆኑበት አሠራር አለ። ቁም ነገሩ እሷና ልጇ በቤተሰቡ ቅጽ ላይ በስም መስፈራቸው ነው፤ ልጁ ካልተመዘገበ ለኮሚቴው የለም።

ከሌላ ከተማ የመጣች ተማሪ ደግሞ የባሰ ችግር አለባት። ሶዶ ወይም ዲላ ተወልዳ ሐዋሳ የምትማር እናት የሐዋሳ ቀበሌ ነዋሪ አይደለችም፤ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ሦስት ዓመት ተከራይታ ብትኖር እንኳ ከትውልድ ቀበሌዋ መሸኛ አምጥታ የነዋሪነት መታወቂያ እስካላወጣች ድረስ ለሴፍቲኔቱም ለድሃ ደንቡ ደብዳቤም እንግዳ ናት። መሸኛ ከማምጣቷ በፊት ግን ቆም ብላ ማስላት አለባት፤ የትውልድ ቀበሌዋ ቤተሰቧን በሴፍቲኔት ወይም በጤና መድን ይዞ ከሆነ፣ ስሟን ማስወጣቷ እዚያ ያለውን ሊያሳጣት ይችላል። ልጁን ከአያቱ ጋር ትታ የምትማር ከሆነም ልጁ እዚያው ቢመዘገብ ይሻላል።

ጤናን በሚመለከት የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ ወሊድ፣ የድኅረ ወሊድ ክትትልና የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶች ናቸው፤ ተማሪ መሆንም ነዋሪ መሆንም አይጠየቅባቸውም። ለሌላው ሕመም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። ዓመታዊ መዋጮውን መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦችን መንግሥት የሚሸፍንላቸው ቢሆንም እነሱንም የሚለየው ቀበሌ ነው። ልጁ አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ኦ ክፍል፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የዝግጅት ክፍል፣ የግማሽ ቀን ሞግዚት ያህል ወጪ ያቀልላል።

የእነዚህ ሁሉ ቁልፍ የልደት ምዝገባ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በተወለደ በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። የአባት አለመገኘት ምዝገባውን አያስቀርም፤ እናት ከጤና ተቋሙ የተሰጣትን የልደት ማሳወቂያ ይዛ ልታስመዘግብ ትችላለች። «አባቱ ይምጣና» ብሎ የሚመልስ ሠራተኛ ካጋጠመ መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ብዙውን ጊዜ ነገሩን ያሳጥረዋል።

የምትሠራና የምትማር፣ ባሏ የሞተባት

ቀን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውላ ማታ ኮሌጅ የምትገባ እናት ሐዋሳ ውስጥ ጥቂት አይደለችም። ለእሷ ዋናው ድጋፍ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ነው፦ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ፤ በእርግዝና ጊዜ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው የሌሊት ፈረቃ ላይ ያለመመደብ፤ በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ከሥራ ያለመሰናበት። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነች የወሊድ ፈቃዷ ተመሳሳይ ነው፤ በተጨማሪም የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ይህን ፈቃድ ከፈተና ወቅት ጋር ማገናዘብ የእሷ ድርሻ ነው።

ባሏ ወይም የልጇ አባት የሞተባት ተማሪ የጡረታ ጉዳይን ለአማቶች ትታ መቀመጥ የለባትም። ሟች የጡረታ መዋጮ ሲቆረጥለት የነበረ፣ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ከሆነ፣ ሚስት የአበሉን 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 18 ዓመት እስኪሞላው 20 በመቶ ያገኛሉ፤ አገልግሎቱ ከዚያ ካነሰ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ክፍያ አለ። ሟች በግል ድርጅት ተቀጥሮ ከነበረም ያው ነው፤ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጡበት የነበረው ለዚህ ነው። ከሟች ጋር ያልተጋባች እናት ለራሷ የባልና ሚስት ድርሻ መጠየቅ ባትችል እንኳ አባትነቱ የተረጋገጠ ልጇ ድርሻውን አያጣም።

በመጨረሻ ስለ ወሩ። ተማሪ እረፍት የሚኖራት ክረምት ላይ ስለሆነ ጉዳይዋን ሁሉ ወደዚያ ማዛወር ትመርጣለች፤ ፍርድ ቤቶችም ግን በክረምት ለእረፍት ይዘጋሉ፣ የፌዴራሎቹ ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ድረስ፣ የክልሎቹም የየራሳቸው መዝጊያ አላቸው። በዚያን ጊዜ የሚሠሩት ለአስቸኳይ ጉዳይ የሚሰየሙ ተረኛ ችሎቶች ብቻ ናቸው። አቤቱታዋን ሰኔ ላይ፣ የመጨረሻ ፈተናዋን በጨረሰች ማግሥት ካስገባች መጥሪያው ከመዘጋቱ በፊት ይደርሳል፤ ሐምሌ ካለፈባት ደግሞ ለተረኛ ችሎት ጊዜያዊ ቀለብ ይቆረጥልኝ ብላ ታመለክትና ዋናውን ክርክር ለጥቅምት ትይዛለች።